ክርክር፦ የፋይዳ መታወቂያ የሌለው ሰው ባንክ አይገልገል መባሉ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

አድሚን፦ ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ የዚህ ሳምንት ክርክር ይሄ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2017 አዲስ አካውንት ለመክፈት ፋይዳ (ጣትና አይን ተነስቶ የሚሰጠው ብሔራዊ መታወቂያ) ግዴታ ነው ብሎ ከአዲስ አበባ ጀመረ፣ ከዛ ወደ ክልል መጣ፣ አሁን ነባር ደንበኛም ፋይዳህን አገናኝ እየተባለ ነው። ትናንት ጋሽ ሬዲዮ "እኔ ፋይዳን አልቃወምም፣ ያለ ፋይዳ አይቻልም የሚለውን ነው የምቃወመው" ብለው ጽፈው ግሩፑ ሲንጫጫ አደረ። ስለዚ እዚሁ እንጨርሰው። ስድብ የለም፣ እከሌ ፓርቲ እከሌ ብሔር የለም።

አባይ ማዶ፦ እኔ ልጀምር። ባጃጅ ነው ምሰራው። አምና ስልክ ተደወለልኝ፣ ከባንክ ነው አሉኝ ስሜን ከነአያቴ ጠሩልኝ፣ በቴክስት የመጣልህን ቁጥር ንገረን አሉኝ እኔም ነገርኳቸው፣ 18 ሺ ብር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሄደ። የእቁብ ብር ነው፣ ጎማ ልቀይርበት ያስቀመጥኩት። ፖሊስ ሄጄ ብሩ የገባበት አካውንት ሲጣራ በቀበሌ መታወቂያ የተከፈተ ነው፣ ቀበሌው ሲጠየቅ እንደዚ የሚባል ሰው የለንም አለ። በቃ የሌለ ሰው ነው የበላኝ። ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና ስለ ነፃነት ሲጽፉ ደስ ይላል ግን የኔን ብር የበላው ሰው በጣት አሻራ ቢመዘገብ ኖሮ ዛሬ ይገኝ ነበር። ነፃ የሆነው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ካሸሯ፦ እኔ ደሞ መስኮቱ ውስጥ ነው ምውለው። አንድ ሰው ሶስት ቀበሌ ሶስት ስም ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ፎቶው የሱ ነው ማህተሙም ትክክለኛ ነው ምን ትለዋለህ? ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፋል። እዚህ አገር በዛች አንዲት መስመር ምክንያት መንገድ ላይ ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ፋይዳ ላይ ብሔርም ሃይማኖትም የለም፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ እንደዛ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ ወረቀቱ የጠፋበት ተፈናቃይ በምስክር ይመዘገባል። ለኔ ይሄ ራሱ ነፃነት ነው።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ልጆቼ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ልጀምር፣ በተለይ የብሔሯን ነገር ካሸሯ ስላነሳሽው ተባረኪ፣ ያቺ መስመር መጥፋቷ ትልቅ ነገር ነው እኔም በዚህ አልከራከርሽም። ግን እስኪ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እዚሁ ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የገባሁት በ1967 ነው፣ ያኔ ሩሲያኖች ያስተምሩን ነበር፣ ከዛ ወጥቼ እዚሁ ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆንኩ። በደርግ ጊዜ ሰው ሬዲዮውን ለጥገና ሲያመጣ የጣቢያው መርፌ ማታ ሲሰማው ያደረበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚመጣው፣ ሾርት ዌቭ ላይ የት እንደቆመ አይቼ ሰውየው ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። እና መጀመሪያ የማደርገው ክዳኑን መፍታት አይደለም፣ መርፌውን ዞር አድርጌ አዲስ አበባ ላይ ማቆም ነው፣ ምክንያቱም ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ ሶስት ቀን ያድራል፣ ሱቅ ውስጥ ማን እንደሚገባ አይታወቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ የሬዲዮው ባለቤቶችም አያውቁም። ያኔ የሰውየው ሚስጥር እጁ ላይ ባለ ዕቃ ላይ ነበር፣ ጣት ይበቃው ነበር። ዛሬ ምን ሰማህ፣ ለማን ላክህ፣ የት ነበርክ የሚለው አንተ ጋ አይደለም ያለው፣ መርፌውን የሚያዞርልህ ሰው የለም። ይሄን ስል ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም፣ ከድሮው 286 ኮምፒውተር ጀምሮ ያልፈታሁት ዕቃ የለም፣ ዛሬም ሌሊት የምቀመጠው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለምወደው ነው የምፈራለት።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ግን ሕግ እኮ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ደብዳቤን፣ ስልክን፣ ኤሌክትሮኒክ ግንኙነትን ሁሉ ይጠብቃል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ወጣ፣ ቀጥሎ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጣ። ደርግ ጊዜ እኮ ይሄ ሁሉ አልነበረም።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ልጄ ጥሩ አመጣኸው። ግን ቅደም ተከተሉን እየው፣ መታወቂያው በ2015፣ ጠባቂው በ2016። ጣት መሰብሰብ ቀድሞ፣ ጣቱን ምን እንዳታደርጉት የሚለው ኋላ። ዳታህን የሚጠብቅልህ ደሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መንግሥት ያጠፋብህን ለመንግሥት ነው ምትከሰው ማለት ነው። ሰዎቹ መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ እኔ ስለ ሰዎቹ አይደለም የማወራው፣ ሰው ይቀየራል ማሽኑ ግን ይቀመጣል። ዛሬ ጥሩ ሰው የሰራውን ነገ ማን ይረከበዋል ነው ጥያቄው። ይሄን ጥያቄ በሶስት መንግሥት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

የሕግ ተማሪ፦ እሽ እሱን ልቀበል። የሕንድን ጉዳይ ግን ላንሳ ምክንያቱም እርስዎን ይደግፋል መሰለኝ። ሕንዶች አድሃር የሚባል 12 ቁጥር ያለው የጣትና የአይን መታወቂያ አላቸው። በፈረንጅ 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መታወቂያው ሕጋዊ ነው፣ ለመንግሥት ድጎማና ለግብር መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ለባንክ አካውንትና ለሲም ካርድ ግዴታ ማድረግ አይቻልም አለ። ኬንያ ደሞ በ2021 ሁዱማ ናምባ የሚሉትን ፍርድ ቤቱ አስቆመው፣ የዳታ ጉዳት ጥናት ሳይሰራ ነው የተጀመረው ብሎ። ሁለቱም ቦታ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ነው የተወሰነው፣ እኛ ግን እስካሁን ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አባይ ማዶ፦ ፍርድ ቤቱ ለኔ 18 ሺ ይመልሳል? የሕንድ ወሬ ጥሩ ነው ግን እኔ ጋ ከነጋ ሶስት አጭበርባሪ ነው የደወለልኝ። መብት መብት ሲባል ለተማረ ሰው ነው ሚሆነው መሰለኝ።

ጋሽ ሬዲዮ፦ አንተ ልጅ በብርህ አዝኛለሁ ከልቤ ነው። ግን እየው፣ አንተን ያታለለህ የሰጠኸው ቁጥር ነው፣ ፋይዳ ኖረም አልኖረም ያን ቁጥር ብትነግረው ብርህ ይወጣል። ልዩነቱ በኋላ ሌባውን ለመያዝ ነው። በዚህ ልክ ነህ ይጠቅማል። ሌባው ግን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ? አንድ የተቸገረ ልጅ ፈልጎ በሱ ጣት አካውንት ያስከፍትና ካርዱን ይከራያል። ያኔ ፖሊስ ሚይዘው ያን የተቸገረ ልጅ ነው። ሌባ የሚያዘው ፖሊስ ሲከታተል፣ ባንክ ደሞ የተሰረቀ ብር ሲገባ ቶሎ ሲያግድ ነው፣ እንጂ 100 ሺ ንጹህ ሰው ጣቱን ስላስነካ አይደለም።

ካሸሯ፦ ጋሼ ይሄን ነገር ቀለል አደረጉት። ማገድ ምንችለው እኮ ማን መሆኑን ስናውቅ ነው፣ አንዱን አካውንት ስዘጋ በሌላ ስም አምስት ካለው ምን ዋጋ አለው? አንድ ሰው አንድ ሲሆን ነው ሚያዘው።

የሽንብጥ ልጅ፦ እኔ ስዊድን ነው ያለሁት፣ እዛው ባህር ዳር ሽንብጥ ሰፈር ነው ያደኩት። እዚህ ባንክአይዲ ሚሉት የስልክ መታወቂያ አለ፣ ባንኮቹ ናቸው የሰሩት፣ ያለሱ ሀኪም ቤት ቀጠሮ እንኳን ማስያዝ ይከብዳል። ብር በእጁ የያዘ ሰው ካየሁ ቆየሁ። ግን የሚገርመው አሁን መንግሥት ራሱ ለችግር ጊዜ ቤታችሁ ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ እያለ ይመክራል። መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋስ ብለው ነው። ሀብታም አገር፣ መብራት የማይጠፋበት አገር ይሄን ካሰበ እኛስ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ አየህ ይሄን ነው ስጠብቅ የነበረው። እኛ እኮ ከስዊድን በፊት ተምረነዋል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ ሲጠፋ እዚህ ከተማ የነበረ ሰው ያስታውሳል። አፕ ያለው ሁሉ አፑን ይዞ ቆመ። ያን ጊዜ ቴሌብር ሲሰራልን የነበረው ኮከብ 127 መሰላል ስለነበረ ነው፣ እሱ ዳታ አይፈልግም፣ በተራ የስልክ ምልክት ነው የሚሄደው፣ የድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልክም ትሰራዋለች። ማንም ያኔ ያቺን መንገድ ኋላቀር ናት ብሎ ቢያጠፋት ኖሮ ስንት ሰው ዳቦ ሳይገዛ ያድር ነበር። እኔ የምለው በሙሉ ይሄው ነው፣ ሁለተኛ መንገድ ይኑር። ፋይዳ ዋናው መንገድ ይሁን እሽ፣ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግን አሮጌውን ድልድይ አታፍርሱት። አንድ ቦታ ሲጫኑት ሁሉም ሰው አብሮ የሚጠፋበት ነገር ሲሰራ ኢንጂነር የሆነ ሰው ዝም ማለት የለበትም።

የዘጌ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ሁሌ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፣ ዛሬ ግን የኔው ጉዳይ ሆነብኝ። እናቴ ዘጌ ነው ያለችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም ጌሾ ስትቆርጥ ነው የኖረችው። ባለፈው ሳምንት ለፋይዳ ይዣት መጣሁ። ጣቷን አስቀመጠች አይነበብም፣ በነጠላዋ ጠርጋ ደገመች አይነበብም፣ ልጁ ውሃ ነካ አርጊው አላት አረገች፣ አስሩም ጣት ተሞከረ። መዳፏ እኮ እንደ እንጨት ነው፣ መስመር የለውም አልቋል። ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ልጁም ደከመው በኋላ ሌላ ቀን ሞክሩ አለን። እናቴ ስንወጣ ጣቷን እያየች "ሰርቼ የበላሁበት እጅ ነው እንዴት አይታወቅም" አለችኝ። አሁን ሌላ ልጇ ከአረብ አገር የሚልክላት ብር አካውንቷ ውስጥ ነው፣ ፋይዳ ካላገናኘሽ ይታገዳል ብለዋታል። እኔ ስለ መንግሥት ምናምን አላውቅም፣ እሷ ግን ምን ታድርግ?

አባይ ማዶ፦ ኧረ ይሄ ልክ አይደለም። እኔ እንደዚ አላሰብኩትም ነበር በእውነት። የሚታወቁ ሴትዮ እኮ ናቸው።

ጋሽ ሬዲዮ፦ የኔ ልጅ የእናትሽን ነገር በደንብ ስሚኝ፣ ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም የማሽኑም አይደለም። ፋይዳ የተሰራበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ይባላል፣ ሕንድ ባንጋሎር ነው የተሰራው፣ ኮዱ ክፍት ነው ማንም አውርዶ ያየዋል፣ እኔም አይቼዋለሁ። እዛ ውስጥ ጣቱ ለማይነበብ ወይ ጣት ለሌለው ሰው "ልዩ ሁኔታ" ተብሎ ምልክት ተደርጎበት በአይንና በፎቶ ምዝገባው የሚቀጥልበት መንገድ አለ። የሰሩት ሰዎች ገበሬ እንዳለ፣ የድንጋይ ጠራቢ እጅ እንዳለ አስበውበታል። እንግዲህ ሶፍትዌሩ እለፊ ያላትን ሴት መስኮቱ ነው የመለሳት። እኔ ይሄን ማወቅ የቻልኩት ኮዱ ክፍት ስለሆነ ነው፣ ዝግ ቢሆን ማሽኑ እምቢ አለ ይሉኝና አምኜ እሄዳለሁ።

ይሄን በአማርኛ ፊደል ጊዜም አይቻለሁ። በ80ዎቹ ኮምፒውተር ላይ ግዕዝ የሚጽፍ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው፣ በአንዱ የጻፍከው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ጭረትና ነጠብጣብ ይሆናል፣ የራስህን ደብዳቤ ለማንበብ የሰውየውን ሶፍትዌር መግዛት አለብህ። በፈረንጅ 1999 ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የጋራ የፊደል ኮድ ውስጥ ገባ፣ የማንም ያልሆነ የሁሉም የሆነ ቁጥር ተሰጠው፣ ዛሬ እናንተ ከስዊድንም ከዘጌም እዚህ የምትጽፉት በሱ ነው። ነፃነት ስል ብዙ ሰው መንግሥትን መጥላት ይመስለዋል። እኔ የምለው ቁልፉ በአንድ እጅ አይሁን፣ መንግሥትም ይሁን ኩባንያ።

ካሸሯ፦ ጋሼ እኔ አሁንም ፋይዳ ግዴታ መሆኑን እደግፋለሁ፣ ሀሳቤን አልቀየርኩም። ግን የእናቷን ነገር ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። ልዩ ሁኔታ የሚባል እንዳለ እውነት ለመናገር ማንም አልነገረን፣ እኛ ጋ የሚመዘግቡት ልጆች የሶስት ቀን ስልጠና ነው የወሰዱት። የዘጌ ልጅ፣ ማክሰኞ አምጫቸው፣ መዝጋቢዎቹ እኛ ቅርንጫፍ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ እኔ ራሴ አብሬያቸው እቆማለሁ። አካውንታቸው እንዳይታገድም ማናጀሩን አናግረዋለሁ፣ ቃል መግባት ግን አልችልም፣ መመሪያው ከላይ ነው ሚመጣው።

ጋሽ ሬዲዮ፦ እኔም እመጣለሁ፣ ስለ ልዩ ሁኔታ የሚያወራውን የሞሲፕ ገጽ በስልኬ ከፍቼ ለልጁ አሳየዋለሁ። በቁጣ አይደለም፣ ቁጭ ብዬ ነው የማሳየው። ባይቻል ደሞ በጽሁፍ ያልተቻለበትን ምክንያት እንጠይቃለን፣ ከልክሎ ምክንያቱን በወረቀት አለመስጠት አይቻልም።

የዘጌ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በመጀመሪያው ጀልባ ይዣት እመጣለሁ። ግን እናቴ ግራ አይኗ ሞራ አለበት፣ በአይን ሲባል እሱ ችግር አለው?

ካሸሯ፦ እሱን እኔም አላውቅም፣ መዝጋቢዎቹን ነገ ጠይቄ እዚሁ እጽፍልሻለሁ። ብቻ አምጫት።