ከካርቶን ሞዴል ወደ ስክሪን፦ የትኛውን ልማር?

የቴአትር መድረክ ዲዛይነር ነኝ። ሐሳቤን የማቀርበው ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት በ1፡25 መጠን በሠራሁት ሞዴል ነው። አሁን ግን አዘጋጆች ትዕይንቱ ሲቀያየር በኮምፒውተር ማየት ይፈልጋሉ። ቪዲዮ ፕሮጀክሽንም ይጠይቁኛል።

ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ተምሬያለሁ። ነጻ ነው፤ ደረጃውን፣ በሩን፣ የመጋረጃውን እጥፋት ሳይቀር አሳምሬ እሠራበታለሁ። ያስቸገረኝ ፕሮጀክሽኑ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ የታየው ምስል የመድረክ መብራት ሲበራ ደብዝዞ ጠፋ። የፕሮጀክተሩ የብርሃን መጠን 5000 ሉመን ነው። ግድግዳው 8 ሜትር ስፋት አለው፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ ግራጫ። ነጭ ሲቀባ ደግሞ የተዋናዮቹ መብራት እዚያው ላይ እያረፈ ምስሉን ዋጠው። የመብራት ባለሙያው ከጎን እያበራ ሞከረልኝ። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም።

የእጅ ሥራዬን አልተውም። ሞዴልን ጎንበስ ብሎ ከተመልካች ወንበር አንጻር ማየትን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ሥራ ማጣትም ግን አልፈልግም። ጊዜዬ የሚበቃው ለአንድ ሶፍትዌር ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ ለእኔ ዓይነቱ ዲዛይነር የበለጠ ሥራ የሚያስገኘው የቱ ነው፦ መድረኩንና መብራቱን ከልምምድ በፊት ለማሳየት አንሪል ኤንጂን፣ ወይስ ምስሉን በቀጥታ ለመቆጣጠር ተችዲዛይነር?