ሁለት ሀገር፣ ሁለት «አንድ መስኮት»፦ ሰነዱ ይደርሳል፣ ድንበር ላይ ግን አይሠራም

ድልድይ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሀገራችንን የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት (ነጋዴው የገቢና ወጪ ንግድ ሰነዶቹን ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቦታ የሚያስገባበትን ሲስተም) ከጎረቤት ሀገር አቻው ጋር የማገናኘት ሥራ ላይ ነኝ። የጀመርነው በሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ነው፤ ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያረጋግጥና በንግድ ስምምነት መሠረት ቀረጥ የሚያስቀንስ ሰነድ ማለት ነው። መስመሩ ተዘርግቷል፣ መልእክቱ ይሄዳል፣ «ደርሷል» የሚል መልስም ይመጣል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃው ድንበር ሲደርስ የጉምሩክ መኮንኑ አሁንም ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይጠይቃል። አንዳንዱ ሰነድ ደግሞ «የታሪፍ ኮዱ አይታወቅም» ወይም «መጠኑ አይጣጣምም» ተብሎ ይመለሳል። ይባስ ብሎ፣ ምስክር ወረቀት አርመን ስንልክ አሮጌውም አዲሱም እዚያ እንደሚሠሩ ሆነው ይቀመጣሉ። አለቆቼ በዚህ መሀል የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን፣ ማኒፌስቱን (የጭነት ዝርዝሩን)፣ ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) ሁሉ ባንዴ እንጨምር እያሉ ነው። ከየቱ ልጀምር? ሌሎች ጎረቤቶችም ተራ እየጠበቁ ስለሆነ፣ ከእነሱ ጋር ስንገናኝ እንደገና ከዜሮ የማያስጀምረንን መንገድ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ካርታ ሠሪ፦
እህቴ፣ መስመር መዘርጋቱ ቀላሉ ነው። ጊዜ የሚበላው ሁለቱ ሲስተሞች አንዱን ዕቃ አንድ ዓይነት አድርገው እንዲያነቡት ማድረጉ ነው።

ከታሪፍ ኮዱ ልነሳ። ዓለም የሚስማማው በኤችኤስ ኮድ (ጉምሩክ የዕቃ ዓይነት በሚለይበት ቁጥር) የመጀመሪያ 6 አሃዞች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ ሀገር ለራሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሙሉውን ከላክሽ የእነሱ ሲስተም ባያውቀው አይፈረድበትም። 6ቱን ላኪ። ግን ይሄም ብቻውን አይበቃም፣ የኮዱ ዝርዝር በየጊዜው ስለሚታደስ ኮዱ ከየትኛው እትም እንደሆነ መነገር አለበት። ድሮንን ውሰጂ። በ2022 እትም 8806 የሚባል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ በ2017 እትም ግን ይህ ቁጥር የለም። የንግድ ስምምነታችሁ የሥሪት ደንብ በ2017 ኮድ ተጽፎ ጉምሩኩ በ2022 የሚሠራ ከሆነ፣ ምስክር ወረቀቱ አንድ ኮድ፣ ዲክላራሲዮኑ ሌላ ኮድ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ግን ይጥለዋል። የእትሙ ዓመት የሚገባበት ቦታ ጨምሩ፣ ከጀርባ ደግሞ የሁለቱን እትሞች ማዛመጃ ሠንጠረዥ አስቀምጡ።

መጠኑም እንዲሁ። «400 ከረጢት» ክብደት አይደለም። ማሸጊያው ለብቻ፣ የተጣራ ክብደቱ ለብቻ ይግባ። ለመለኪያዎች የተባበሩት መንግሥታት ኮዶች አሉ፤ ኪሎ «ኬጂኤም» ነው፣ ቶን «ቲኤንኢ»። ቀን ስትልኩ ዓመቱ ይቅደም፣ ወር ይከተል፣ የሰዓት ቀጠናውም አይቅር። 03/04 ብቻ ከተላከ ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 ማን ያውቃል?

ትልቁ ምክሬ ግን ይሄ ነው። የእናንተን ሠንጠረዥ ከእነሱ ሠንጠረዥ ጋር በቀጥታ አታዛምዱ። ሁለታችሁም ከዓለም ጉምሩክ ድርጅት ዳታ ሞዴል (እያንዳንዱ መረጃ በምን ስምና ቅርጽ እንደሚጻፍ ከሚያሳየው የጋራ መዋቅር) ጋር ተዛመዱ። 10 ሀገር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢገናኝ 45 ማዛመጃ ያስፈልጋል። መሀል ላይ አንድ የጋራ ሞዴል ካለ ግን እያንዳንዱ ሀገር አንድ ጊዜ ሠርቶ ይገላገላል። ተራ እየጠበቁ ላሉት ጎረቤቶችሽ መልሱ ይሄ ነው።

የጣቢያ ሰው፦
እኔ ድንበር ጣቢያ ላይ ነው የምሠራው። ወረቀት የምንጠይቀው ሥራ ለማክበድ ብለን አይደለም። ሰነዱ ሰርቨር ላይ ደርሶ ይሆናል፣ እኔ በከፈትኩት ዲክላራሲዮን ላይ ግን አይታየኝም። ሌላ ሲስተም ከፍቼ፣ ሌላ ፓስወርድ አስገብቼ፣ ቁጥሩን ፈልጌ እስካገኝ መኪናው ተሰልፏል። ቁጥሩም ቢሆን ትራንዚተሩ በእጁ የሚመታው ነው። አንዱ ሰረዝ ይጨምራል፣ ሌላው መሀል ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ዜሮውን «ኦ» አድርጎ የሚመታም አለ። ሲስተሙ ያንን ይፈልግና «የለም» ይላል። ያኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱን አምጣ እላለሁ።

ስለዚህ ቁጥሩ እንዲመረጥ እንጂ እንዲጻፍ አታድርጉ። አስመጪው ዲክላራሲዮን ሲሞላ በእሱ ስም የመጡት ምስክር ወረቀቶች ተዘርዝረው ይምጡለትና አንዱን ይምረጥ። ለዚህ ሰነዱ የአስመጪውን መለያ ቁጥር ከነሀገሩ ይዞ መምጣት አለበት። ስምን ከስም ጋር ማዛመድ አያዋጣም፣ በተለይ ሁለቱ ሀገሮች በተለያየ ፊደል የሚጽፉ ከሆነ።

ሌላው፣ «ደርሷል» የሚለው ምላሽ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። መልእክቱ ገባ፣ ይዘቱ ተፈትሾ አለፈ፣ መኮንን ተጠቀመበት፤ እነዚህ ለየብቻቸው መመለስ አለባቸው። የመጨረሻው ካልተመለሰልሽ አንዱ ምስክር ወረቀት ሁለት ጣቢያ ላይ ቀረጥ ሊያስቀንስ ይችላል።

ከሕግ ክፍል፦
የጣቢያው ወንድማችን ያነሳው ስክሪን ቢስተካከል እንኳ መኮንኑ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያቱም ኤሌክትሮኒኩን ተቀብሎ ቀረጥ ቢቀንስ ነገ ኦዲተር ሲጠይቀው የሚያሳየው ሕግ ይፈልጋል። የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 10.4 አባል ሀገራት አንድ መስኮት ለማቋቋም ጥረት እንዲያደርጉ ይላል፤ በመስኮቱ የገባን ሰነድም በውስጡ ያሉት መሥሪያ ቤቶች፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ደግመው እንዳይጠይቁ ያዛል። የሌላ ሀገር መስኮት የላከውን ግን ተቀበሉ አይልም። ያንን ሁለታችሁ መፈራረም አለባችሁ።

ስምምነቱ ውስጥ መግባት ያለበት፣ ከወረቀቱና ከዳታው ልዩነት ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና፣ ማን ለምን ያህል ዓመት እንደሚያስቀምጠው፣ የነጋዴው የዋጋ መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል፣ ሲስተም ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ነው። የዩኤን ሴፋክት (የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ማሳለጫ አካል) ምክረ ሐሳብ 35 ስለ ሕጉ፣ ምክረ ሐሳብ 36 ደግሞ በቀጥታ ስለ መስኮቶች መገናኘት የተጻፉ ናቸው። ሁለቱንም ለአለቆችሽ አስነብቢያቸው።

«ሁሉንም ባንዴ» ለሚሉትም የአሲያንን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀገሮች ማኅበርን) ታሪክ ንገሪያቸው። ስምምነቱን የተፈራረሙት በ2005 ነው። የቀጥታ ልውውጡ የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሱም በኢንዶኔዥያ፣ ማሌዢያ፣ ሲንጋፖር፣ ታይላንድና ቬትናም መካከል፣ በአንድ ሰነድ ብቻ። ያ ሰነድ እናንተ የጀመራችሁት የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ነው።

ድልድይ (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የእትሙ ነገር በፍጹም አልታየንም ነበር። የታረመው ሰነድስ? የዕፅዋት ጤናውንስ ጨርሼ ልተወው?

ካርታ ሠሪ፦
የዕፅዋት ጤናውን ለብቻው ማየት ትችያለሽ፣ ምክንያቱም እዚያ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ኢፋይቶ የሚባል የጋራ ማዕከል አለው። አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ከተገናኛችሁ እዚያ ላሉት ሀገሮች ሁሉ መላክ ትችላላችሁ። ማዕከሉ ፖስታውን ያደርሳል እንጂ ይዘቱን አያይም። የራሱ ሲስተም የሌለው ሀገር እንኳ በድረ ገጽ የሚሠራበት አለው። በጥንድ መስመር አትድከሙበት።

ለታረመው ደግሞ የመልእክቱን ቁጥርና የሰነዱን ቁጥር ለዩ። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ቁጥር ይኑረው፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ቢሄድ በቁጥሩ ታውቆ ሁለተኛው እንዲጣል። ሰነድ ሲታረም ግን አዲሱ «እገሌን የተካ» የሚል ማጣቀሻ ይዞ ይሂድ፣ ተቀባዩም አሮጌውን ዘግቶ መዝጋቱን ይመልስ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እናንተ ጋ ዕርማቱ እንዳለቀ አይቆጠር።

ነባር ትራንዚተር፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ከእኔም ያዢ። ዕርማቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ነው። አሮጌው ተዘግቶ አዲሱ ሳይደርስ መኪናው ድንበር ከደረሰ ነጋዴው ባዶ እጁን ይቆማል፣ የመኪና ማቆያውን የሚከፍለውም እሱ ነው። መዝጋቱና መተካቱ በአንድ መልእክት ይሁን። ዕቃው ተከፋፍሎ የሚመጣበትም አለ፣ ባንድ ምስክር ወረቀት ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ በሌላ ጊዜ። ከመጠኑ እየተቀነሰ ቀሪው እንዲታይ አድርጉ፣ አለዚያ ሁለተኛው ጭነት «ተጠቅመህበታል» ተብሎ ይመለሳል።

ወረቀቱንም እስከ መቼ ጎን ለጎን እንደምታስኬዱ ቀን ቁረጡ። ቀን ካልተቆረጠለት ሁለቱንም ማዘጋጀት እኛ ላይ ይቀራል።

ድልድይ (ጠያቂ)፦
እሺ ጋሼ፣ ተከፋፍሎ የሚመጣውን ጭነት ከጎረቤቶቻችን ጋር በምናደርገው ሙከራ ውስጥ አስገባዋለሁ። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ የሚታረመውንም እንዲሁ። እስካሁን የሞከርነው ሁሉም ነገር የተሟላለትን ሰነድ ብቻ ነው።

የጣቢያ ሰው፦
ሙከራውን ስትሠሩ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ የጣቢያ መኮንን አስቀምጡ። የአይቲ ሰዎች ብቻቸውን ሲሞክሩት ሁሌም ያልፋል።