ድራኩላ የሌለበት የድራኩላ ፊልም ልየው?

ጥያቄ፦ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ድራኩላ» በጣም ወድጄዋለሁ። ተከታዩ፣ የ1960ው «የድራኩላ ሙሽሮች»፣ ራሱ ድራኩላ የለበትም አሉኝ። ድራኩላን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሊም የለም። ታዲያ ምኑን ልየው?

መልስ፦ እባክህ እየው! የደም መጣጭ ቫምፓየሮች አሳዳጁን ቫን ሄልሲንግን የሚጫወተው ፒተር ኩሺንግ አለልህ። ቫን ሄልሲንግ አንገቱን ሲነከስ ብረት እሳት ላይ አግሎ ቁስሉን በገዛ እጁ ይተኩሰዋል። ከዚያ ጠበል ያፈስበታል። እኔም አንገቴን ይዤ ነበር ያየሁት። የሬሳ ሳጥኑ ጓጉንቸሮች በራሳቸው ተከፍተው ሲወድቁማ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ሌላ መልስ፦ የሌሊት ወፏ ግን ክር ላይ የተንጠለጠለች አሻንጉሊት ነው የምትመስለው። የሁለቱ ሙሽሮች መጨረሻም ሳይነገረን ያልቃል። ያናድዳል።

መልስ፦ በወፏ እስማማለሁ። የነፋስ ወፍጮው ክንፎች ጥላ በጨረቃ ብርሃን መስቀል ሠርቶ ቫምፓየሩ ባሮን ላይ ሲያርፍ ግን ሁሉንም ይቅር አልኩ። መብራት አጥፍተህ እየው።