የሞባይልና የሪሲቨር ጥገና፦ መጀመሪያ የትኛው መሣሪያ ይገዛ?

ጠባሴ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሞባይል፣ ሪሲቨርና ቲቪ ጥገና ልጀምር ነው፤ ያለኝ ብር ግን ሁሉንም ዕቃ አያስገዛም። ብዙ ራስ ያለው የካቻቢቴ ሳጥን በርካሽ ይሸጣል፤ እሱ ይበቃል? የሊድ መበየጃውስ ስንት ዋት ይሁን? ሌላው፦ የፓወር ሳፕላይ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) ባዶ እንዲሆን ሁለቱን እግሮቹን በካቻቢቴ አገናኝቶ «ጧ!» ማድረግ የተለመደ ነው። ችግር አለው?

ባለወረንጦ
ሳጥኑን ተወው ወንድሜ። የርካሹ ራስ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት ብሎን እንደፈታህ ዱልዱም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ብሎን አይፈታም፣ የብሎኑን መስቀል ይፍቃል እንጂ። በዚያው ብር ነጠላ ነጠላ ግዛ። ለአብዛኛው አንድሮይድ ፒኤች (ባለመስቀል ራስ) 000 እና ፒኤች 00፣ ለሪሲቨር ክዳን ፒኤች 1፣ ለአይፎን ታችኛዎቹ ሁለት ብሎኖች 0.8 ሚሊ ሜትር ባለአምስት ቅጠል፤ ከአይፎን 7 ወዲህ ላሉት ደግሞ ውስጡን ለመፍታት ባለሦስት ጫፍ ዋይ 000 ያስፈልግሃል። መስቀሉ ውስጥ ገብቶ የማይወዛወዘው ራስ ልኩ እሱ ነው። ስትፈታ ከማዞሩ ይልቅ ወደ ታች መጫኑ ይብዛ።

የፈታኸውን ብሎን አንድ ክዳን ላይ አትቀላቅል። ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን በየቦታው በፕላስተር ለጥፍ። አይፎን ላይ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ካሰርከው ጫፉ ቦርዱን ወግቶ ውስጥ ያለውን መስመር ይበጥሳል። ስክሪን ሊቀየር የመጣ ስልክ በዚህ ሞቶ ይመለሳል።

መበየጃው ላይ ከዋቱ በላይ የሙቀት መቆጣጠሪያው ይበልጣል፤ 60 ዋት ባለመቆጣጠሪያ ይበቃሃል። መቆጣጠሪያ የሌለው ከ400 ዲግሪ አልፎ የቦርዱን መዳብ ይልጠዋል። 63/37 የሚባለው ሊድ (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ) 183 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ መበየጃውን ከ320 እስከ 350 አድርገው። ፋብሪካ የበየደው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ የለበትም፣ ለመቅለጥ 217 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሙቀቱን ከማናር ትንሽ የራስህን ሊድ ጨምርበትና ቀላቅለው፣ ቶሎ እሺ ይላል። እንደ መርፌ የቀጠነ ጫፍ ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል፤ ሙቀት ግን በደንብ አያሳልፍም። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ውሰድ። ፍለክሱ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባው) ሮዚን፣ ማለት ከዛፍ ሙጫ የተሠራ ይሁን፤ የቧንቧ ሠራተኞች አሲድ ያለበት ፓስታ ቦርዱን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ብርድ ነው ብለህ በርና መስኮት ዘግተህ አትበይድ፤ የሮዚን ጭስ አስም ያስነሳል። እርሳሱ ግን የሚገባብህ ከጭሱ ይልቅ በእጅህ ነው፤ እንጀራ ሳትቆርስ በሳሙና ታጠብ።

ቆላው (ሸዋ ሮቢት)
የካፓሲተሩን እኔ ልመልስ። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር 311 ቮልት ይሆናል፤ ፒኤፍሲ (ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ የሳፕላይ ክፍል) ያለው ቲቪ ላይ ወደ 390 ይጠጋል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ይቆያል። የሞተ ሳፕላይ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የሚሠራ ነገር ስለሌለ የተጠራቀመውን የሚጨርሰው የለም። «ጧ» ስትል የካቻቢቴህ ጫፍ ይቀልጣል፣ የቦርዱ መስመር ሊቃጠል ይችላል፣ የጋለ ብረት ወደ ዓይን ይረጫል።

2.2 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሴራሚክ ሬዚስተር ውሰድ። ሁለት ሽቦ በይድበት፣ ከሽቦዎቹ ጫፍ በቀር ባዶ የሚታየውን ሁሉ ሸፍን። ሶኬቱን ንቀል፣ አንድ እጅህን ከቦርዱ አርቅ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ 10 ሰኮንድ ያዝ። 100 ማይክሮፋራድ በ1 ሰኮንድ አካባቢ ያልቃል፤ ቀሪው ለጥንቃቄ ነው። ከዚያ በመልቲሜትር ዲሲ ለካ፤ ከ5 ቮልት በታች ካልሆነ ድገም። መብራት የሚያሳየው ባለአምፖል ቴስተር ካቻቢቴ እዚህ አይታመንም፤ ሶኬቱ የተነቀለ ዕቃ ላይ ካፓሲተሩ ሞልቶም ዝም ሊል ይችላል።

መልቲሜትሩ ካት 3 (የደህንነት ደረጃው ነው፣ ላዩ ላይ ይጻፋል)፣ 600 ቮልት ይሁን። ቀዩ ሽቦ 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ የሶኬት ቮልት ከለካህ ሾርት አደረግከው ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ከመለካትህ በፊት ቀዳዳውን እይ። ፊውዙ ሲቃጠል የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሠራ አለ፣ እባክህ እንዳታደርገው።

የጠገንከውን ሳፕላይ በቀጥታ አትሰካ። ባለክር የድሮ አምፖል፣ ለሪሲቨር 60፣ ለቲቪ 100 ዋት፣ ፌዙ ላይ በተከታታይ አስገባ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ማይክሮዌቭ ካመጡልህ ደግሞ አትክፈተው፤ ውስጡ ያለው ከ2,000 ቮልት በላይ ነው።

ጠባሴ (ደብረ ብርሃን)
ጋሼ ቆላው፣ ባለወረንጦ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የስታቲክ ሽቦስ? ቤቱ ኧርዝ የለውም።

መንዜ
በበጋ ደጋው ላይ አየሩ ደረቅ ነው፤ ባና ደርበህ ወይም የሱፍ ሹራብ ለብሰህ ወንበር ላይ ስትንሸራተት ስታቲኩ ይሰበሰባል። ሳይሰማህም ቺፕ ይገድላል። ማሰሪያው 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ያለበት መሆኑን ለካና ግዛ። ኧርዝ ከሌለ ክሊፑን ከሶኬት በተነቀለው ዕቃ የብረት አካል ላይ ያዘው፤ አንተና ቦርዱ እኩል ከሆናችሁ ይበቃል። ኒውትራል ላይ እንዳታስረው። ሶኬቱ የተሰካ ዕቃ ስትለካ ደግሞ ከእጅህ አውልቀው።

ባትሪ ማንም አላነሳም። ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ሳይወርድ አትንቀል። ካቻቢቴ ወይም ቢላ አታስገባበት፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ከሙጫው ሥር ጠብ አድርገህ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያልክ ግፋ። አልኮሉ ሳይደርቅ መበየጃ አታብራ። ያበጠውን አትጫን፣ አትብሳ፣ መልሰህም አትግጠም፤ ደረቅ አሸዋ ያለው ባልዲ ውስጥ አድርገህ ከቤት ውጪ አስቀምጥ። ባልዲውን ሥራ ሳትጀምር አዘጋጀው፣ ጭስ ከታየ በኋላ አሸዋ ፍለጋ አይወጣም።