ቤት ሆኜ ዌብሳይት እሠራለሁ፤ ቀኑ ግን ከእጄ እያመለጠ ነው

ጥያቄ፦ ጀማሪ ዲዛይነር፣ ከጀሞ

ሰላም ናችሁ? ማተሚያ ቤት ውስጥ ግራፊክስ እሠራ ነበር። ከወጣሁ አራት ወሬ ነው። አሁን በግሌ ዌብሳይት እሠራለሁ። እስካሁን ሦስት ጨርሻለሁ፤ የአንድ ጥርስ ክሊኒክ፣ የአንድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ እና የአጎቴ ልጅ የሠርግ ዲኮር ሥራ።

አንደኛው ችግሬ ቀኔ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ክፉ አትመኝልኝም። ግን ሳሎን ላፕቶፕ ከፍቼ ስቀመጥ ሥራ ላይ ያለሁ አይመስላትም። "ቤት ካለህ እስቲ ሲሊንደሩን አስሞላልኝ" ትለኛለች። እንግዳ ከመጣ ቡና ይፈላል፣ ጥሎ መነሳት ደግሞ ያሳፍራል። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት የጀመርኩትን አንድ ገጽ የጨረስኩት ማታ 4 ሰዓት ነው። በመሃል መብራት ሁለቴ ሄዷል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ከመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ጋር በ12,000 ብር ተስማማን፤ በቃል ብቻ። ሥራው ካለቀ በኋላ "ይሄን ጨምርልኝ፣ ያንን ቀይርልኝ" ሲል ሁለት ወር አለፈ። የከፈለኝ 4,000 ብር ነው። ስደውል "ነገ" ይለኛል።

ሦስተኛው ዕቅዴ ነው። መስከረም ላይ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ "በወር 40,000 ብር ማግኘት። ጃቫስክሪፕት (የዌብ ገጽ ኮድ ቋንቋ) መማር። እንግሊዝኛ ማሻሻል። ስፖርት። ለእናቴ ፍሪጅ መግዛት።" አንዱንም አልነካሁትም። ያንን ገጽ ስገልጥ ሆዴ ይባባል። እናንተ ቀናችሁን እንዴት ነው የምትይዙት? ወደ ቅጥር ሥራ ልመለስ ይሆን?

መልስ፦ ከሀዋሳ፣ በሥራው 6 ዓመት

አይዞህ ወንድሜ። የቤቱን ነገር ልንገርህ፤ እኔም በዚያው ነው ያለፍኩት።

እናቴ ዌብሳይት ምን እንደሆነ ባስረዳት ባስረዳት አልገባትም። አንድ ቀን የሠራሁትን የመዋዕለ ሕፃናት ገጽ በስልኬ ከፍቼ ሰጠኋት። የጎረቤታችን ልጅ ፎቶ አለበት። "ይሄን አንቺ ነሽ ያደረግሽው?" አለች። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ሁሉ የምታሳየው እሱን ነው። አንተም የጥርስ ክሊኒኩን ገጽ ከፍተህ አሳያት።

ከዚያ ሰዓት ስጣት። "ሥራ አለብኝ" ማለት አይበቃም፣ መቼ እንደምትጨርስ አታውቅምና። እኔ "ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ቢሮ ነኝ፣ ከ6 በኋላ የፈለግሽበት ላኪኝ" አልኳት። ቃሌን ጠብቄ በ6 ሰዓት እነሳለሁ፣ ዘይቱንም ወፍጮውንም እሄዳለሁ። እሷም ጠበቀችልኝ። ቡና ላይ ደግሞ አቦሉን ጠጥቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ እነሳለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። ከተቻለህ ሳሎኑን ተው፤ መኝታ ቤትህ ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛም ትበቃለች።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሥራውን ላፕቶፕህ ላይ ጨርሰህ በኋላ ብቻ ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ዋይፋዩ ቢጠፋም ሥራህ አይቆምም። ባትሪው ሲያልቅ ወረቀት አውጣና የሚቀጥለውን ገጽ በእርሳስ ንደፍ። እኔ ጥሩ ጥሩ ገጾቼን የነደፍኩት መብራት ጠፍቶ ነው። ለደንበኛ መደወልም ያኔ ይመቻል።

ስለ ቅጥር ደግሞ፣ ግማሽ ቀን የሚያሠራ ካገኘህ ለጥቂት ወራት ብትይዝ ምንም ነውር የለውም። የቤት ወጪ ጭንቀት ያለበት ሰው በማይሆን ዋጋ ይስማማል።

መልስ፦ ከባሕር ዳር፣ ዌብ ዴቨሎፐር

ስለ ክፍያው እኔ ልመልስ። ያለ ቀብድ ሥራ አትጀምር። ልብስ ሰፊው ቀብድ ይቀበላል፣ አናጢው ይቀበላል፤ አንተስ ለምን ታፍራለህ? ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደንበኛው እፊትህ ቆሞ ሊልክልህ ይችላል።

እኔ ግማሹን ለመጀመር፣ ሠላሳ በመቶውን ዲዛይኑ ሲታይ፣ ቀሪውን ሃያ ደግሞ ሥራው ወደ ደንበኛው ዶሜን (የዌብሳይቱ ቋሚ አድራሻ) ከመዛወሩ በፊት እቀበላለሁ። እስከዚያ ድረስ ገጹ በጊዜያዊ አድራሻ ላይ ይቆያል። ደንበኛው ያየዋል፣ ይሞክረዋል፤ ግን ገና አልተረከበም።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ስንት ገጽ እንደምትሠራ፣ ጽሑፍና ፎቶ ማን እንደሚያቀርብ፣ ስንት ዙር ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ እንዳለ ይጻፍበት። እኔ ሁለት ዙር ነው የምሰጠው። ከዚያ በላይ የሚመጣው የየራሱ ዋጋ አለው። ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ዶሜንና ሆስቲንግ (ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ላይ አደራ ጠንቀቅ በል። በዶላር የሚከፈል ከሆነ ደንበኛው ራሱ ይክፈል፣ ካልሆነም በክፍያው ቀን ምንዛሪ ይታሰብ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኔ አንድ የዓመት ሥራ በብር ቆርጬ ተስማምቼ ነበር። ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁት። ደግሞም ዶሜኑ በደንበኛው ስም ይመዝገብ። አንድ ጊዜ በራሴ ኢሜይል አስመዝግቤ፣ የማደሻ ማሳሰቢያው በማልከፍተው ሳጥን ውስጥ ሲመጣ ከርሞ፣ የሰውየው ገጽ አንድ ጠዋት ጠፋ። ያን ቀን የሰማሁትን ስልክ አልረሳውም።

አሁን ስለ 8,000 ብርህ። ተናደህ ገጹን እንዳትዘጋው። ሱቁ ድረስ በአካል ሂድ፤ "ነገ" ማለት በስልክ ነው የሚቀለው። ከመሄድህ በፊት ይህን ጻፍለት፦

"ሰላም ጋሼ። እስካሁን ያዘዙኝ ለውጦች በሙሉ አልቀዋል፤ ዝርዝሩን ከታች ያገኙታል። ቀሪው ሂሳብ 8,000 ብር ነው። ሐሙስ ጠዋት ሱቅ መጥቼ አብረን እናየዋለን። ከዚህ በኋላ የሚኖር ለውጥ ካለ ዋጋውን አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ።"

ዝርዝሩን አትርሳ። ያዘዘህን እያንዳንዱን ነገር ቁጠርለት። ብዙ ደንበኛ ምን ያህል እንዳሠራህ አያስታውስም።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ፣ የሂሳብ ባለሙያ

አንድ ነገር ልጨምር። ለድርጅት መሥራት ከፈለግህ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጣ። ክሊኒክም ሆነ ትምህርት ቤት፣ ሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ይጠይቅሃል። ከመጀመርህ በፊት የትኛው የግብር ደረጃ ውስጥ እንደምትገባ ጠይቅ።

ገቢህ ወር ጠብቆ ስለማይመጣ ትልቅ ዕቁብ አትግባ። ዕጣው ሳይደርስህ ሥራ ቢቀዘቅዝ ለዕቁቡ ስትል ትበደራለህ። የገባውን ሁሉ አንድ ሒሳብ ውስጥ አስገባና በየወሩ መጨረሻ ለራስህ አንድ ዓይነት ደመወዝ ክፈል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሁን። የተረፈው ለደረቅ ወር ይቀመጥ።

መልስ፦ ከስልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ደብተርህ ላይ የጻፍካቸው አምስቱም ጥሩ ናቸው። ግን 40,000 ብር ማግኘት በአንተ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ደንበኛው ካልመጣ የለም። በአንተ እጅ ያለው ወደ ደንበኛው መሄድ ነው። እኔ የጀመርኩ ጊዜ ግቤ "በሳምንት አምስት ሱቅ" ነበር። በእግሬ እገባለሁ፣ ስልኬን አውጥቼ የሠራሁትን አሳያለሁ፣ ስልክ ቁጥር ትቼ እወጣለሁ። ብዙዎቹ አልደወሉም። የደወሉት ግን ኪራዬን ከፈሉልኝ።

ጃቫስክሪፕቱንም ለብቻው አትማረው። የዲኮር ሥራው ገጽ ላይ ፎቶዎቹ ሲነኩ እንዲተልቁ አድርግ። ያንን ስትሠራ የምትማረው ለሚቀጥለው ሥራ ይሆንሃል። እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተወው። ስፖርቱን ግን አትተው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ወገቡ ቶሎ ይጎዳል።

እዚህ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶችም ሥራ አላቸው። ሜኑአቸውን ፎቶ አንስተው የለጠፉ ሞልተዋል፤ በስልክ አይነበብም። ዘመድ ካለህ አንዱን ይጠይቅልህ። ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቅ። እዚህ ጠዋት 10 ሰዓት ሲሆን አንተ ጋ በአሜሪካ በጋ ከቀኑ 11፣ በአሜሪካ ክረምት ምሽት 12 ሰዓት ነው። "በ3 ሰዓት እንገናኝ" ተባብለን እኔ በፈረንጅ፣ ልጁ በሐበሻ አስበን የተላለፍንበት ቀን አለ። ሁለቱንም ሰዓት ጻፍ። ክፍያውን ደግሞ በፔይፓል ብለህ አትስማማ፤ አዲስ አበባ ሆነህ መቀበያ አይሆንህም። ባንክህን ጠይቅ።

በግማሽ ቀኑ ሥራ ግን ከሀዋሳዋ እህቴ ጋር አልስማማም። ሦስት ሥራ በአራት ወር ለጀማሪ ጥሩ ነው። ቀብድ መቀበል ከጀመርክ ለጥቂት ወራት በግልህ ሞክረው።

ጠያቂው፦ ከጀሞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ሱቁ ሄድኩ። ዝርዝሩ 14 ነገር ሆኖ ነበር። ሰውየው አንድ በአንድ አነበበውና "ይሄን ሁሉ ነው እንዴ?" አለኝ። 5,000 ብር እዚያው ላከልኝ፣ 3,000 ለወሩ መጨረሻ ቀጠረኝ። ለእናቴም ከ2 እስከ 6 ብያታለሁ። ሁለት ቀን ተሳክቷል፣ ትናንት ግን አክስቴ መጣች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አዲስ ደንበኛ አግኝቻለሁ፤ ቀብድም ተቀብያለሁ። የላከልኝን የአማርኛ ጽሑፍ ከወርድ ኮፒ አድርጌ ገጹ ላይ ስለጥፈው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆንብኛል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሀዋሳ

በድሮ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ያ ዝብርቅርቅ ነው። ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያነበው የፊደል አሠራር) መለወጥ አለበት። ጽሑፉ አጭር ከሆነ ዝም ብለህ እንደገና ጻፈው፤ ከመቀየሪያ በኋላ የሚመጣውን ስህተት ከመልቀም ይፈጥናል። ረጅም ከሆነ ግን ትየባውን በዋጋው ውስጥ አስገባ።

ለገጹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ተጠቀም፤ ነጻ ነው። በመስመርና በመስመር መካከል ለእንግሊዝኛ ከምትተወው ሰፋ ያለ ክፍተት ተው፣ ፊደላችን ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል። ኢታሊክ (ዘመም ያለ ፊደል) አታድርግበት። ፎቶዎቹን አሳንስ፣ ብዙ ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው። ከማስረከብህ በፊት በእናትህ ስልክ ክፈተውና አንዱን አንቀጽ ታንብብልህ። የምትደናቀፍበት ቦታ ላይ ፊደሉን አተልቀው።