የሚጨስ የውሃ መሳቢያ ሞተር፦ ፋሻ ብቻ ይቀየር ወይስ ሲሊንደሩም ይስፋ?

ጥያቄ፦ የቦርከና ዳር አልሚ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምናለማ ጎረቤታሞች በጋራ የምንገለገልበት፣ በሆንዳ ጂኤክስ 160 ንድፍ የተሠራ ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት የውሃ መሳቢያ ሞተር አለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ጣሳ) ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ውሃውንም እንደ ቀድሞው ወደ ላይኛው ማሳ መግፋት ተስኖታል። እዚሁ ያለው መካኒካችን ያለቀው ፋሻው (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን የሚያቅፈው ቀለበት) ብቻ ስለሆነ እርሱን ቀይሮ እንደሚያስረክበን ይናገራል። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ያሳየነው ባለሙያ ደግሞ በካንዴላው (እሳት በሚሰጠው መሰኪያ) ቀዳዳ የኮምፕሬሽን (የመጭመቂያ ግፊት) መለኪያ አስገብቶ የማስነሻ ገመዱን ከሳበ በኋላ፣ ንባቡ በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ገብቶ ካልሰፋና ትልቅ ፒስተን ካልተገጠመለት በስተቀር ገንዘባችንን እንደምናባክን ነግሮናል። የሁለቱ ወጪ ልዩነት ለእኛ ቀላል ስላልሆነ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ የምናውቅበትን መንገድ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ነባር መካኒክ፣ ደሴ

አብሽሩ፤ ሁለቱም ባለሙያዎች የተናገሩት ሲሊንደሩን ሳይለኩ ነው። የኮምፕሬሽን ንባብ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 2,500 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ሲለካ ከመጽሐፉ ቁጥር በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ እዚያ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የጂኤክስ 160 ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ገመድ ሲሳብ እንዳይከብድ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ጥቂት ከፈት የሚያደርግ ማቅለያ ስላለው፣ በገመድ ስቦ የሚገኝ ንባብ ከመነሻውም ዝቅተኛ ነው።

ሳይፈታ ለመለየት የተሻለው መንገድ አየር መስጠት ነው። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት በመጭመቂያው ምት ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሙትና፣ ጎሚስታ ቤት በካንዴላው ቀዳዳ በሚገጥም አፍ በኩል ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር አስሰጡ፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ሞተሩን በድንገት ሊያሽከረክረው ስለሚችል ግን ቮላኖው (ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ) አስቀድሞ በደንብ ይታገድ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ማቅረብ ብቻ ነው። በዘይት መሙያው አፍ የሚተነፍስ ከሆነ አየሩ በፋሻው በኩል እያመለጠ ነው፤ በማርሚታው ከሆነ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በካርቡራተሩ ከሆነ ደግሞ የማስገቢያው ቫልቭ በወጉ አልገጠመም ማለት ነው። ቫልቭ እያፈሰሰ ፋሻ ያስቀየረ ሰው ብዙ ነው፤ አዲሱ ፋሻ ምንም እንከን ባይኖርበትም ሞተሩ ግን ያው በሽተኛ ሆኖ ይቀራል።

ጥፋቱ የፋሻ መሆኑ ከታወቀ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወርዶ ሲሊንደሩ ይለካ። የአዲስ ሲሊንደር ስፋት 68.000 ሚሊ ሜትር፣ የአገልግሎቱ ወሰን (አልቆ ሊደርስበት የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት) ደግሞ 68.165 ነው። ሲሊንደር ዙሪያውን እኩል ስለማያልቅ፣ ይልቁንም ፋሻው ወደ ላይ ደርሶ በሚመለስበት አካባቢና ቢዬላው (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ፒስተኑን በሚጫንበት ጎን ይበልጥ ስለሚበላ፣ ልኬቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሁለት አቅጣጫ መወሰድ አለበት። ከወሰኑ ካለፈ ወይም ግድግዳው በጥልቀት ከተጫረ የደሴው ባለሙያ ልክ ነው፤ በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ያስፈልጋል። እንዲያ ከሆነ ፒስተኑን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሲሊንደሩ ጋር ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ መጀመሪያ አስፍቶ በኋላ ልኩን ፍለጋ በየሱቁ መዞር ለከንቱ ድካም ይዳርጋል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

በተባለው ላይ የአየር ማጣሪያውን ልጨምር። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ፋሻን የሚበላው ብዙውን ጊዜ አቧራ ስለሆነ፣ የተቀደደ ስፖንጅ እንዳለ ትቶ አዲስ ፋሻ መግጠም ያንኑ ወጪ ደግሞ መጥራት ነው። ስፖንጁ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይድረቅና በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ በደንብ ይጨመቅ፤ የወረቀቱ ማጣሪያ ግን ዘይት አይንካው። የጭሱንም ቀለም በቀን ብርሃን አረጋግጡ፤ ጥቁር ከሆነ በቀጭን አየር ላይ ቤንዚን የበዛበት ካርቡራተር እንጂ ያለቀ ፋሻ ላይሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ የቦርከና ዳር አልሚ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አየሩ የተነፈሰው በዘይት መሙያው በኩል ነው። ከተፈታ በኋላ የሲሊንደሩ ትልቁ ልኬት 68.09 ሆኖ ተገኘ፤ ጭረትም የለበትም። የአሮጌው የላይኛው ፋሻ የአፍ ክፍተት (በቀለበቱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው) ከ1 ሚሊ ሜትር አልፏል። ሲሊንደሩ በአገልግሎት ብዛት በመጠኑ ሰፍቶ ሳለ አዲሱ ፋሻ ይዘጋልን ይሆን? ሲገጠምስ ምን ላይ እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ነባር መካኒክ፣ ደሴ

ይዘጋል። የሲሊንደሩ ስፋት በ0.09 ሲጨምር ዙሪያው በ0.28 ገደማ ስለሚያድግ፣ በአዲስ ሲሊንደር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የፋሻ አፍ ክፍተት በእናንተው ቢበዛ ወደ 0.7 ይደርሳል፤ ወሰኑ ደግሞ 1.0 ነው። ቢሆንም በስሌት ብቻ አትመኑ፤ እያንዳንዱን አዲስ ፋሻ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ በፒስተኑ አናት ገፍታችሁ፣ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ለኩ። የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ከለሰለሰ ዘይት ስለማይዝና ፋሻውም ስለማይላመድ፣ ተሻጋሪ ጭረት እንዲኖረው በሆኒንግ ድንጋይ በስሱ ይታሽ፤ ከዚያም የድንጋዩ ብናኝ ፈጽሞ እንዳይቀር በሙቅ የሳሙና ውሃ ታጥቦ ወዲያው ዘይት ይቀባ።

በፋሻው ላይ ያለው ምልክት ወደ ላይ ይዙር፤ የሦስቱ ፋሻዎች አፍም በአንድ መስመር ሳይገጥም በ120 ዲግሪ ተራርቆ ይቀመጥ። በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ምልክት ወደ ቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ በኩል፣ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ ጥርሶች ምልክትም እርስ በርስ መግጠም አለባቸው። የቢዬላው ብሎኖች በ12፣ የቴስታታው ደግሞ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከገባ በኋላ በየተራ እየተሻገሩ በ24 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ፤ እነዚህን በእጅ ግምት ማጥበቅ አይገባም። በመጨረሻም ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.15፣ የማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ይደረግ፤ በ0.6 ሊትር ገደማ ንጹሕ ዘይት ይነሣ፤ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላም ዘይቱ ይቀየር።