«ነዋሪ» የሚባለው ማን ነው? የእድር ደንብ ያስነሳው ክርክር (ተከራካሪዎቹ በሚኖሩበት የጅማ ከተማ ሰፈር ስም ተጠርተዋል)

ከቆጪ፦ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ «አባል የሚሆነው የሰፈሩ ነዋሪ ነው» ይላል እንጂ ነዋሪ ማን እንደሆነ አያብራራም። ቤት ተከራይተው ሁለት ዓመት የተቀመጡ አንድ መምህር ልመዝገብ ሲሉ ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። ቃሉ ተከራይን ይጨምራል?

ከመንደራ፦ አይጨምርም ባይ ነኝ። ሰውን «ዘላለም ኗሪ ይመስል» ብለን የምንተቸው ቃሉ ጸንቶ መቆየትን ስለሚያመለክት ነው። ነገ ዝውውር ሲደርሳቸው ዕቃቸውን ጭነው የሚሄዱ ሰው፣ ለዓመታት መዋጮ ሲከፍሉና ድንኳን ሲተክሉ ከኖሩት እኩል ነዋሪ ሊባሉ አይገባም።

ከጅሬን፦ ወንድሜ፣ እርስዎ የገለጹት «ነባር» የሚለውን ቃል ነው። ሁለቱም «ነበረ» ከሚለው አንድ ሥር ስለወጡ መምታታታቸው አያስገርምም። በግዕዝ «ነበረ» ተቀመጠም ኖረም ማለት ሲሆን፣ በአማርኛችን ግን ነባር የቆየው፣ ነዋሪ ደግሞ አሁን በቦታው የሚኖረው ሆነው ተለያይተዋል፤ ተከራዩንም ቢሆን «የት ነው የሚቀመጡት?» ብለን እንጠይቀው የለም? ኦሮምኛውማ ከእኛ ይልቅ ጥርት ያለ ነው፦ «ጂራታ» ነዋሪው፣ «ዸለታ» ተወላጁ ነው፤ ጅማ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አላጋጠመኝም።

ሕጉም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ ቦታ ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም እንደሚቆይ የሚጠበቅን ሰው በዚያ መኖሪያ እንዳለው ይቆጥረዋል፤ ኑሮውንና ጥቅሙን በቋሚነት ለመሠረተው ደግሞ «መደበኛ መኖሪያ» የሚል ሌላ ስም አለው። ደንብ አርቃቂዎቹ ሁለተኛውን ፈልገው ከነበረ መጻፍ ነበረባቸው። (ጅማ ራሷ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ፣ ከየአገሩ በመጣ ነጋዴ ያደገች መሆኗንም አንርሳ።)

ከመንደራ፦ በቃሉ ተረትቻለሁ፤ በገንዘቡ ግን አልተረታሁም። ነባሮቹ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ካዝና ትናንት የገባ ሰው እኩል ሊካፈለው ነው?

ከጅሬን፦ እሱ የመግቢያ ክፍያ ጥያቄ ነው፤ ክፍያውን ከፍ አድርጉ፣ ቃሉን ግን አታጥብቡት።

ከቆጪ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ማሻሻያ አቀርባለሁ፦ «ነዋሪ» በሚለው ላይ «ከ3 ወር በላይ የተቀመጠ፣ ተከራይም ቢሆን» የሚል እንዲጨመር፣ የአዲስ አባል መግቢያም ካዝናው በደረሰበት መጠን እንዲሰላ።